ስታዲየም በር ላይ ቦርሳችሁ እንዳይቀር
(የድምፅ ፕሮግራሙ ሙሉ የጽሑፍ ቅጂ)

ዛሬም ከረሆቮት፣ ከሄርዝል ጎዳና ነው የምናወራው። መስኮቱን ዘግተነዋል፤ የአውቶቡስ ጡሩምባ ከገባባችሁ ግን ይቅርታ፣ ሄርዝልን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የዛሬው ርዕስ ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቦርሳ ነው። ትልቅ የኳስ ግጥሚያ፣ የመካቢያ መክፈቻ ወይም ማራቶን ስንሄድ ምን ይዘን እንግባ? ምኑን ቤት እንተው? ለምን ይህን እንደመረጥን ልንገራችሁ። በድምፅ መልእክት ከላካችሁልን ጥያቄዎች ሦስቱ እዚሁ ላይ ገጠሙ። አንደኛዋ እናት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ትኬት ቆርጦላቸዋል፤ "ልጄ፣ የስኳር መርፌዬን ይዤ ብሄድ ይወስዱብኛል ወይ?" ይላሉ። ሁለተኛው ወታደር ነው፤ "ከካምፕ በቀጥታ ወደ ብሉምፊልድ ብሄድ ሻንጣዬን የት ላድርገው?" ይላል። ሦስተኛው አባት ናቸው፤ "ከጓደኞቹ ጋር ሲሄድ ሁልጊዜ የሚበረበረው የእኔ ልጅ ቦርሳ ነው፤ ምን እናድርግ?" ይላሉ። ሦስቱንም እንመልሳለን። መጀመሪያ ግን ሕጉ ከየት እንደመጣ እንይ፤ ምክንያቱ ሲገባን ዝግጅቱ ይቀላል።

ለምን ቦርሳ?

ብዙ ሰው "ይኼ ሁሉ ፍተሻ ሰው ለማሰልቸት ነው" ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን፣ በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 30 ቀን 1964 መሆኑ ነው፣ ታጣቂዎች የስፖርት ቱታ ለብሰው፣ መሣሪያቸውን በስፖርት ቦርሳ ይዘው፣ አጥር ዘለው ወደ ስፖርተኞቹ መንደር ገቡ። ሲታዩ ከውጭ አምሽተው የሚመለሱ ስፖርተኞች ይመስሉ ነበር። 11 የእስራኤል ልዑካን ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ በስፖርት ቦታ "ቦርሳው ውስጥ ምን አለ?" የሚለው ጥያቄ ቀርቶ አያውቅም።

መቼም ሙኒክን ካነሳን ደስ የሚለውንም እናንሳ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2022፣ በዚያችው ከተማ በአውሮፓ ሻምፒዮና የእስራኤል የወንዶች ማራቶን ቡድን ወርቅ ወሰደ። በግል ደግሞ ማሩ ተፈሪ ብር፣ ጋሻው አያሌ ነሐስ አገኙ። የእኛው ልጆች ናቸው።

ወደ ቦርሳው እንመለስ። ኤፕሪል 15 ቀን 2013 በቦስተን ማራቶን መጨረሻ መስመር አጠገብ በጀርባ ቦርሳ የመጡ ሁለት ቦምቦች ፈነዱ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ከ260 በላይ ቆሰሉ። በ2014 በተካሄደው ማራቶን የጀርባ ቦርሳ ተከለከለ። በዚያው በ2013 የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ፣ ያ በእጅ የሚጫወቱት ማለት ነው፣ ለሁሉም ስታዲየሞቹ አንድ ሕግ አወጣ፤ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቦርሳ፣ ቁመትና ስፋቱ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚህ ሌላ መዳፍ የምታክል የእጅ ቦርሳ፤ በቃ። ኖቬምበር 13 ቀን 2015 ደግሞ በፓሪስ ፈረንሳይና ጀርመን ሲጫወቱ አጥፍቶ ጠፊዎች ራሳቸውን ያፈነዱት ከስታዲየሙ ውጭ ነው። ውስጥ ገብተው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት።

አሁን ዋናውን ነጥብ ያዙልኝ፤ በዓለም ላይ አንድ የቦርሳ መለኪያ የለም። አሜሪካ የሚታይ ቦርሳ ይላል። የፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ከ15 ሊትር የሚበልጥ ቦርሳ አላስገባም። በአውሮፓ ብዙ የኳስ ሜዳዎች መለኪያው ኤ-4 ወረቀት ነው፤ ያ ለሕፃናት የቤት ሥራ የምናትመው ወረቀት፣ 21 በ30 ሳንቲ ሜትር ግድም። ስለዚህ "ባለፈው ሳምንት እዚያ ስታዲየም አስገብተውኛል" የሚለው ለዛሬው ዋስትና አይሆንም።

የእስራኤል ሕግ ምን ይላል?

ሁለት ሕጎችን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው በ2008 የወጣው በስፖርት ቦታ ጠብና ዓመፅን የሚከለክለው ሕግ ነው። ይህ ሕግ የተከለከለ ዕቃ ይዞ ወደ ውድድር ቦታ መግባትን ይከለክላል። ሰውን በዘሩ ወይም በቀለሙ መስደብንም ይከለክላል፤ ይኼን ለእኛ ብላችሁ አስምሩበት። ሁለተኛው በ2005 የወጣው የሕዝብን ደኅንነት ለመጠበቅ የፍተሻ ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሥልጣን ያለው ሾሜር፣ ማለት ጠባቂ፣ መግቢያ በር ላይ ዕቃችሁን መፈተሽ ይችላል። አልፈተሽም ካላችሁ አላስገባም ሊላችሁ ይችላል።

በር ላይ ሦስት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ። ሳድራን የሚባለው የክለቡ ወይም የአዘጋጁ አስተናባሪ ነው፤ ትኬት ያያል፣ መስመር ያስይዛል። ሾሜር ጠባቂው ነው፤ ቦርሳ ይከፍታል፣ መመርመሪያውን ሰውነታችሁ ላይ ያዞራል። ፖሊስ ደግሞ ሰፋ ያለ ሥልጣን አለው። ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ማወቅ ኋላ ቅሬታ ቢኖራችሁ ይጠቅማል።

ከሕጉ ሌላ የአዘጋጁ ዝርዝር አለ። የሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የአዘጋጁ ግን እንደ ቦታው፣ እንደ ቀኑ ይለያያል። ጁላይ 14 ቀን 2022 በኢየሩሳሌም በቴዲ ስታዲየም የመካቢያ መክፈቻ ሲደረግ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባይደን ተገኝተው ነበር። የአገር መሪ የሚገኝበት ዝግጅት እና የማክሰኞ ማታ የሊግ ጨዋታ ፍተሻቸው እኩል አይሆንም። ዝርዝሩ የሚገኘው ትኬቱ ላይ፣ ወይም ትኬቱን በላኩላችሁ መልእክት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ብቻ። ልጆች፣ እዚህ ጋ ሥራው የእናንተ ነው። ለእናታችሁ ትኬቱን ብቻ አትላኩላቸው፤ ዝርዝሩን አንብባችሁ በአማርኛ ንገሯቸው።

በር ላይ የሚቀረው ምንድን ነው?

ቦታው ቢለያይም የሚከለከሉት ነገሮች ይመሳሰላሉ። ቢላዋ፣ መቀስ፣ ስለት ያለው ሁሉ። ርችትና የጭስ ችቦ። የመስታወት ጠርሙስና ጣሳ። የአልኮል መጠጥ። ረጅም ጃንጥላ፣ የባንዲራ ወፍራም እንጨት፣ የፎቶ ዘንግ፣ የሌዘር መብራት፣ ድሮን።

"ውኃ ምን አደረገ?" ትሉ ይሆናል። የፕላስቲክ ውኃ አንዳንድ ቦታ ይገባል፣ ክዳኑን ግን ይወስዱባችኋል። ምክንያት አለው። ክዳኑ የተዘጋ ሙሉ ጠርሙስ ሲወረወር እንደ ድንጋይ ነው፤ ተጫዋች ወይም ዳኛ ሊመታ ይችላል። ክዳን የሌለው ግን ገና ሳይደርስ ይደፋል። ስለዚህ ክዳን ሲወስዱባችሁ አትናደዱ፤ ከመግባታችሁ በፊት ግን ጠጥታችሁ ግቡ፣ በተለይ በጁላይና በኦገስት ሙቀት።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ፤ ምግብ። እውነቱን እንነጋገር፤ እናቶቻችን ያለ ስንቅ ከቤት አይወጡም። ድፎ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቆሎ፣ ፔርሙዝ ሙሉ ቡና። አንድ ቀን በአንድ ዝግጅት በር ላይ ድፎ ዳቦ ሙሉውን ይዘው የመጡ እናት አይቻለሁ። ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በዚያ ሁሉ ጨርቅ የተጠቀለለው ምን እንደሆነ አላወቀም። እሳቸው ዕብራይስጥ አልሆነላቸውም፤ እሱ አማርኛ አያውቅም። ኋላ ያለው ሰልፍ ይጮኻል። ዳቦው መጣሉ አይደለም የሚያሳዝነው፤ ሰው ፊት እንደ ጥፋተኛ መቆማቸው ነው። ይኼ እንዳይደርስ መላው ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ቆርጣችሁ፣ ጥቂቱን ብቻ፣ በሚታይ የፕላስቲክ ከረጢት አድርጉት። ቆሎውንም እንዲሁ። ፔርሙዙን ግን ተዉት፤ ውስጡ የማይታይ የብረት ዕቃ ነው፣ ትኩስ ፈሳሽ ነው፣ ከባድ ነው፤ በሦስቱም ምክንያት ይቀራል። ምግብ ጨርሶ የማያስገቡ ቦታዎችም ስላሉ በልታችሁ ሂዱ። ነጠላችሁን ግን ማንም አይከለክላችሁም፤ ሲፈትሹ ገለጥ አድርጉ ቢሏችሁ አትደንግጡ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ መድኃኒት

እማማ፣ የእርስዎ መልስ እነሆ። ለጤና የሚያስፈልግ መድኃኒት ከተከለከሉት ዕቃዎች ጋር አይቆጠርም፤ ግን መርፌ ስለሆነ ጠባቂው ይጠይቃል። ስለዚህ አራት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ የዚያን ቀን የሚያስፈልገውን ብቻ ይያዙ፤ የወሩን በሙሉ አይደለም። ሁለተኛ፣ ስምዎ ከተጻፈበት ከራሱ ካርቶን አያውጡት። ሦስተኛ፣ ከኩፓት ሖሊም ከሐኪምዎ በዕብራይስጥ የተጻፈ አጭር ወረቀት ያስወጡ፤ የስኳር ሕመምተኛ መሆንዎንና ኢንሱሊን እንደሚወስዱ የሚል። ይህ ወረቀት ለአንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ለአውሮፕላን ጉዞም፣ ለሌላም ይሆናል። አራተኛ፣ መድኃኒቱን ለብቻው በሚታይ ከረጢት አድርገው ከቦርሳው አናት ላይ ያስቀምጡት። ጠባቂው ሳይጠይቅዎ እርስዎ ቀድመው "ዬሽ ሊ ትሩፎት" ይበሉት፤ መድኃኒት አለኝ ማለት ነው። ቀድሞ የተናገረን ሰው ማንም አይጠረጥርም። ስኳር ዝቅ ቢል የምትቀመስ ከረሜላም ኪስዎ ውስጥ ትኑር።

የልብ መቆጣጠሪያ የተገጠመላችሁ ደግሞ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፣ በመመርመሪያው በር ከማለፋችሁ በፊት "ዬሽ ሊ ኮጼቭ ሌቭ" በሉ፤ በሌላ መንገድ ይፈትሿችኋል። ሴቶች ሰውነታቸውን ሴት እንድትፈትሻቸው መጠየቅ መብታቸው ነው፤ "ኢሻ፣ ቤቫካሻ" ማለት ይበቃል። ሕፃን የያዛችሁ፣ ዳይፐርና የወተት ጡጦ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ የሕፃኑ ቦርሳ ግን መጠኑ ትልቅ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ጋሪ ወደ ውስጥ የማያስገቡ ስላሉ ማዘያ ይሻላል። በአንቀልባ ያዘለች እናት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች ብዬ ባልምልም፣ እጇ ግን ነፃ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ የወታደሩ ሻንጣ

ወንድሜ፣ መልሱ አጭር ነው፤ ሻንጣውን ይዘህ አትሂድ። ብሉምፊልድ ያፎ ውስጥ ያለ፣ ታድሶ በ2019 የተከፈተ፣ ወደ 29,400 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው። ያን ያህል ሰው ሲጎርፍ ያንተን የሳምንት ልብስ የሚያስቀምጥልህ አታገኝም። ከረሆቮት የምትነሳ ከሆነ መጀመሪያ ቤት አድርሰው። ከዚያ ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ወደ ቴል አቪቭ ሳቪዶር፣ ከሳቪዶር ከአርሎዞሮቭ ጣቢያ በቀዩ መስመር የከተማ ባቡር፣ ብሉምፊልድ የሚባል ጣቢያ አለው፣ እዚያ ትወርዳለህ። ባቡር ጣቢያውም በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ስለዚህ በአንድ ምሽት ከአንድ ጊዜ በላይ ቦርሳህ ይከፈታል ማለት ነው። ጨዋታው ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ባቡሩም ቀዩ መስመርም በሰንበት አይሠሩም፤ ሰንበት ከወጣ በኋላ መቼ እንደሚጀምሩ አይተህ ውጣ። ጊዜ ከሌለህ ቴል አቪቭ ወይም ያፎ ካለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ጋር ሻንጣህን አስቀምጥ።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ፤ ይኼ ለሁላችሁም ነው። "አላስገባም" ሲሏችሁ ቦርሳችሁን ቁጥቋጦ ሥር ወይም አጥር ጥግ ደብቃችሁ አትግቡ። እዚህ አገር ባለቤት የሌለው ቦርሳ ሄፌጽ ሐሹድ ነው፤ አጠራጣሪ ዕቃ። መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው ወደ ኋላ ሲመለስ፣ የፖሊስ የፈንጂ ባለሙያ ሲመጣ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ባለቤቱ ቶሎ ካልተገኘ ዕቃውን ያፈነዱታል። ያ ውስጥ የአንተ ልብስ፣ መታወቂያህ፣ ኮምፒውተርህ አለ። ከዚያም ይብሳል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በር ላይ እያለ የሚፈጠረው ድንጋጤ ራሱ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ከቦርሳውና ከጨዋታው አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ፣ ጨዋታው ይቅር።

ማራቶን ለሚሮጡና ልጃቸውን ለማየት ለሚሄዱም አንድ ቃል። ብዙ ማራቶኖች የሯጮች ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ አላቸው፤ በቁጥራችሁ የተለጠፈ፣ ብዙ ጊዜ አዘጋጁ በሰጠው ከረጢት። የራሳችሁን የጀርባ ቦርሳ አይቀበሉም ይሆናል። ቁልፍ፣ ገንዘብና ስልክ እዚያ አትተዉ። ለተመልካች ደግሞ መንገድ ዳር ቢሆንም መጨረሻው መስመር አጠገብ ፍተሻ አለ። አዲስ አበባ ላይ ከ2001 ጀምሮ የሚካሄደውን ታላቁን ሩጫ ያየ ያውቀዋል፤ ሕዝቡ ቲሸርቱን ለብሶ እጁን ነፃ አድርጎ ነው የሚወጣው።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ "ለምን የእኔ ልጅ ብቻ?"

ይኼ ከቦርሳ መጠን ጋር አይገናኝም፤ ግን ዝም ብለን ካለፍነው ፕሮግራሙ ጎደሎ ነው። አባባ፣ ጥያቄዎ እውነተኛ ነው። ሁሉንም ሰው መፈተሽ አንድ ነገር ነው፤ ከአሥር ጓደኛሞች መካከል ሁልጊዜ ጥቁሩን ልጅ ብቻ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። በ2000 የወጣ ሕግ አለ፤ ለሕዝብ ክፍት ወደሆኑ ቦታዎች ሲገባ ሰውን በዘሩ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል። ስለዚህ ፍተሻው ሕጋዊ ነው፣ አድልዎው ግን ሕጋዊ አይደለም። ሁለቱን መለየት አለብን።

ልጁ ምን ያድርግ? በር ላይ አይጨቃጨቅ። ይህን የምለው መብት ስለሌለው አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ሰልፉም ጩኸቱም የሚሠራው በእሱ ላይ ስለሆነ ነው። ይፈተሽ፤ በእርጋታ "አፍሻር ሌዳቤር ኢም ሃአሕራይ?" ይበል፤ ኃላፊውን ማነጋገር ይቻላል ወይ ማለት ነው። የበሩን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የጠባቂውን ስም ወይም የደረት ቁጥር ይያዝ። አብረውት ያሉት ጓደኞቹ ያዩትን ያንኑ ማታ ይጻፉ፤ በማግሥቱ ብዙ ነገር ይረሳል። ከዚያ ቅሬታው በጽሑፍ ይሂድ። አስተናባሪ ወይም ጠባቂ ከሆነ ለክለቡ ወይም ለአዘጋጁ፤ ፖሊስ ወንጀል ፈጽሞ ከሆነ ማሐሽ ለሚባለው የፍትሕ ሚኒስቴር ክፍል። ከዚህ ሌላ በ2016 ከፓልሞር ሪፖርት በኋላ የተቋቋመ፣ ዘረኝነትን ለመታገል የሚሠራ የመንግሥት ክፍል በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ አለ፤ ቅሬታ ይቀበላል። ያ ሪፖርት የመጣው በ2015 የእኛ ወጣቶች አደባባይ ስለወጡ ነው። የተከፈለበት በር ስለሆነ እንጠቀምበት።

ወላጆች፣ ልጁን "ዝም በል፣ ልመደው" አትበሉት። "ቦርሳህን አሳንስ፣ አንገትህን ግን አትድፋ" በሉት።

ከመውጣታችሁ በፊት

ከአንድ ቀን በፊት ማታ ይህን አድርጉ። የአዘጋጁን ዝርዝር አንብቡ፤ ያልገባችሁን የሚያነብ ፈልጉ። ቦርሳችሁን ኤ-4 ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ከወረቀቱ ካልወጣ በብዙ ቦታ ያስገባችኋል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ገልብጡት፤ የድሮ መቀስ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ ቂርያት ሞሼ ካለው ሱቅ የገዛችኋት የሽንኩርት ቢላዋ ከታች ተሸሽጋ ሊሆን ይችላል። የሚገቡት እነዚህ ናቸው፤ ስልክ ባትሪው ሞልቶ፣ ትኬቱ ስልክ ላይ ስለሆነ፤ መታወቂያ፤ ራቭ ካቭ፤ ጥቂት ገንዘብ፤ መድኃኒት ከነወረቀቱ፤ ኮፍያ። ለአዛውንቶች ትኬቱን ወረቀት ላይም አትሙላቸው፣ የልጃቸውን ስልክ ቁጥርም ጻፉላቸው። እና ቀደም ብላችሁ ውጡ፤ መግቢያ በር ላይ ከአንድ ሰዓት በፊት የደረሰ ሰው ያልተፈቀደ ዕቃ ቢገኝበት እንኳ መላ የሚፈልግበት ጊዜ አለው። አሥር ደቂቃ የቀረው ሰው ያለው ምርጫ የቆሻሻ ገንዳው ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ኩፓት ሖሊም ወረቀቶች እንነጋገራለን፤ የትኛውን ማን ይጽፋል፣ እንዴት ይጠየቃል። ጥያቄያችሁን በድምፅ ላኩልን፤ በአማርኛም፣ በዕብራይስጥም፣ ደባልቃችሁም ይሁን። እስከዚያው በጤና ቆዩ። ሻሎም፣ ደኅና ሁኑ።